እሁድ በዓሉ፣ ሰኞ መልስ

እህቴ ሲፋን ከቤት የወጣችው በ2009 ዓ.ም. መስከረም ሃያ ቀን፣ ዓርብ ማለዳ ነው። እሷ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ዐሥር። አሁን ዐሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል፤ ታላቄን በዕድሜ በልጬ ቁጭ ብያለሁ። የምናገረው ያኔ እንዳየሁት ነው። በዓይኔ ያየሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ የገባኝ ነገር ግን አንዱም ልክ አልነበረም።

አባታችን አስፋው ልብስ ሰፊ ነው። የተወለደው ጉራጌ አገር፣ እነሞር ነው፤ መቱ የመጣው በጎረምሳነቱ አጎቱን ተከትሎ ነው። የስፌት መኪናውን የሚያስቀምጠው በጋሼ ረድዋን የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ጋሼ ረድዋን የአጋሮ ሰው ናቸው። ጨርቁን እሳቸው ይሸጣሉ፣ አባዬ ይሰፋል፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በረንዳው ላይ ዝናብ ሲያባርራቸው መኪናውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ውስጥ ያስገቡታል፤ ሲያባራ ደግሞ ያወጡታል። መቱ ላይ ይሄ ሥራ በቀን አራት አምስት ጊዜ የሚሠራ ነው።

እማዬ ኦሮሞ ናት፣ ኡካ የሚባል አገር ልጅ። ስም ሲወጣ የመጀመሪያዋን እማዬ ሲፋን አለቻት፤ ሁለተኛዋን፣ እኔን፣ አባዬ በእናቱ ስም ትብለጥ አለኝ። እማዬ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሳደገችኝ ሲፋን ናት። ጸጉሬን ስትሠራኝ በጉልበቶቿ መሃል ትይዘኝና እንዳልወራጭ ትጫነኛለች። ስትቆጣ በኦሮምኛ ትጀምርና በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ስትስቅ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

እማዬ በሕይወት ሳለች መስከረም በገባ ቁጥር ሁለታችንንም ይዛ ሶር ወንዝ ዳር ትወርድ ነበር። እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዘን፣ ከሰዉ ጋር ውሃው ዳር ቆመን፣ ክረምቱን በሰላም ላሻገረን ፈጣሪ ምስጋና እናደርሳለን። ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ሰዉ በአንድ አፍ ይቀበላል። እኔ ከዚያ ሁሉ የማስታውሰው ሣሩ እጄን ማሳከኩንና ውሃው መቀዝቀዙን ነው። እማዬ ከሞተች በኋላ ግን አልወረድንም።

በዚያ ዓመት አባዬ እንደ ልማዱ መስቀልን ሊውል ወደ አገሩ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ሲፋንን በረንዳው ላይ አስቁሞ ሲያስጠነቅቃት አጠገባቸው ቁልፍ እየለቀምኩ ነበር።

«ዘንድሮ አገሩ ጤና የለውም» አላት። «ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ዝር እንዳትዪ። ሶርም ቢሆን። ሰማሽ?»

«ሰማሁ አባዬ።»

«ማይልኝ።»

«በእማዬ ነፍስ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ሰማሁ አልኩህ እኮ» ብቻ አለች።

አባዬ በሄደ በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ዝናብ ሲጥል ሱቁ ውስጥ ተጠልዬ ነበር። ጋሼ ረድዋን ለሶላት ወጥተዋል። ልጃቸው ሱፊያን ባንኮኒው ላይ ነጭ ጣቃ ዘርግቶ ሲቆርጥ ሲፋን መቀሱን በዓይኗ ትከተላለች። ሱፊያን ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር አንገቱን የሚነካካ ልጅ ነው። እኔ ከጣቃዎቹ ኋላ መሆኔን አላወቁም።

«አባቴ ከሰማ አለቀልኝ» አለች ሲፋን።

«ማን ይነግራቸዋል? ስምሽን አስገብቻለሁ። ከመናኸሪያ እንዳትሳፈሪ፤ ከከተማው መውጫ ላይ ጠብቂን። እኔም ለቤት ጂማ ዕቃ ላመጣ ነው የምሄደው ብያለሁ።»

«የቃል ነገር ባይሆን አልሄድም ነበር፣ ሱፊያን። ዘንድሮም ካልፈጸምኩት ዕረፍት የለኝም።»

«አውቃለሁ። ምን አስፈራሽ ታዲያ? እሁድ በዓሉ፣ ሰኞ መልስ ነው።»

ነጭ ጨርቅ፣ ቃል፣ እሁድ በዓል፣ ሰኞ መልስ! በዚያው ዓመት ሁለት ሰርግ አይቻለሁ። ሙሽራ ነጭ ትለብሳለች፣ እሁድ ትዳራለች፣ ከዚያ ከባሏ ጋር ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ትመጣና መልስ ይበላል፣ ልጆች ከረሜላ ይበተንላቸዋል። እህቴ ሱፊያንን ልታገባ ነው፤ በድብቅ የሆነው ደግሞ እሱ እስላም እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ይሄንን ለማወቅ ማንም አያስፈልጋትም።

ቀሚሱን በአባዬ መኪና ስትሰፋው ሁለት ቀን ፈጀባት። እጅጌውና ጫፉ ላይ ጥቁርና ቀይ ጥለት አደረገችበት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ክር እያቀበልኳት፣

«ሲፋን፣ ልታገቢ ነው አይደል?» አልኳት።

መኪናውን መርገጧን አቆመች። አየችኝ፣ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አንቺ ወሬኛ! ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ።

አላገባም አላለችም። ዛሬ ሳስበው፣ የልጅ ወሬ ቁም ነገር ነው ብላ ስላልያዘችው ነው። ምናልባት ደግሞ ነገሩ ለእሷም ጨርሶ የማይታሰብ ስላልነበረ ይሆናል። ይሄንን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሱፊያንም አንድ ቀን እንኳ አልተናገረም።

ዓርብ ማለዳ ለሱፊያን እናት፣ ለእትዬ ነኢማ፣ አደራ ሰጠችኝ። ኡካ ያለችው አክስታችን ጃለኔ ታማለች፣ ሄጄ ልያት አለቻቸው። እኔን ወደ አጥሩ ጥግ ሳብ አድርጋ ጉንጬን ሳመችኝ። በፌስታል የያዘችው ቀሚስ የፍም መተኮሻ ይሸታል።

«ማንም ቢጠይቅሽ ኡካ ነው የሄደችው በይ። ሰኞ ማታ ቤት ነኝ።»

«ሰኞ መልስ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ሰኞ መልስ ነው» አለችኝና ሳቀች። በጭቃው ላይ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ሄደች። ዞራ አላየችኝም። መኪና እንዳያመልጣት ነው።

እሁድ እትዬ ነኢማ ቤት ዋልኩ። «ሥጋ የለበትም፣ ምስር ነው፣ ብይ» እያሉ ያጎርሱኛል። ቀኑን ሙሉ እህቴ አሁን ሙሽራ ሆናለች፣ አሁን ፎቶ ትነሣለች እያልኩ በልቤ አብሬያት ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፣ ጎረቤት መጣ። ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሐይቅ ዳር፣ ለኢሬቻ ምስጋና ከየአገሩ የወጣ ሕዝብ ተረጋግጦ ሰው አልቋል የሚል ወሬ ነበር። እትዬ ነኢማ ጭናቸውን እየመቱ «የሰው ልጅ! ኸረ የሰው ልጅ! የማን እናት ትሆን እንዲህ የምትቃጠለው!» እያሉ አለቀሱ። ጋሼ ረድዋን ከንፈራቸውን መጠጡና «እኛስ ልጃችን ጂማ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ እነዚህ ሰዎች በልጃቸው ሰርግ ቀን የሚያለቅሱት ስለማያውቁ ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ልነግራቸው አፌን በላኝ። ቃሌን ጠብቄ ዝም አልኩ።

ሰኞ ቤታችንን ጠረግኩ፣ አደይ አበባ ለቅሜ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀመጥኩ። የመስቀል ልብሴን ለብሼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። በመንገዱ ላይ ሰው እንደ ወትሮው አይተላለፍም። ስልክ የለም፣ ኔትወርክ ጠፍቷል ይባላል። ጨለማ ሲሆን እትዬ ነኢማ መጥተው ጎተቱኝ። «መንገድ ተዘግቶባት ነው፤ ነገ ትመጣለች» አሉኝ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም ያንኑ ልብስ ለብሼ ተቀመጥኩ።

አባዬ ሐሙስ ደረሰ። መንገድ ተዘግቶ ወልቂጤ ሁለት ሌሊት አድሯል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ በትከሻው ይዟል።

«ሲፋንስ?» አለኝ፣ ዕቃውን ሳያወርድ።

«ኡካ ሄዳለች። አክስቴ ጃለኔ አሟት።»

«መቼ?»

«ዓርብ።»

ዕቃው ከትከሻው ወደቀ። «ዓርብ!» አለ። ደጋግሞ «ዓርብ፣ ዓርብ» አለ። ከዚያ «አሁኑኑ ኡካ እሄዳለሁ» ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ኡካ ቢሄድ እንደሚያጣት አውቃለሁ። ምስጢሩን ሳምንት ሙሉ ይዤው ሆዴ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ደግሞም መልካም ወሬ ነበር የያዝኩት።

«አባዬ፣ ኡካ የለችም። አገባች እኮ! ሱፊያን ነው ያገባት። እሁድ ነበር በዓሉ፤ ሰኞ መልስ ነው ብለው ነበር፣ ቀሩ እንጂ።»

አባዬ ተመልሶ ቁጭ አለ፣ መሬቱ ላይ።

«በዓይንሽ አየሽ?»

«አየሁ። ሱፊያን ነጩን ጨርቅ ሲቆርጥላት፣ እሷም ስትሰፋው። ከመናኸሪያ እንዳትሳፈሪ ሲላትም ሰማሁ።»

«ለሰርጌ ነው ብላ በአፏ ነገረችሽ?»

«አዎ» አልኩ።

በአፏ አልነገረችኝም። ይህቺን አንዲት «አዎ» እኔው ነኝ የጨመርኳት። የሰማሁት እንዲታመንልኝ ፈልጌ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አባዬ ተነሥቶ መንገዱን ተሻገረ፤ ተከተልኩት። ዝናቡ ጀምሯል። ጋሼ ረድዋን ከባንኮኒው ኋላ ብድግ ብለው «እንኳን በደህና መጣህ፣ መንገዱ…» ሲሉ አባዬ አቋረጣቸው።

«ልጅህ ልጄን የት አደረሳት?»

«ምን ትላለህ አስፋው? ሱፊያን ጂማ ነው።»

«ጂማ! ጨርቁን ከአንተ ጣቃ ቆርጦ፣ ቀሚሱን በእኔ መኪና አሰፍቶ ይዟት ጠፋ! ሃያ ዓመት በረንዳህ ላይ ያስቀመጥከኝ ለዚህ ነው?»

«አላህን ፍራ አስፋው። ይሄንን ማን ነገረህ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ ረድዋን ፊቴን ሲያዩ እውነት መሆኑን አመኑ፤ ትከሻቸው ወረደ። እትዬ ነኢማ ከጓዳ ብቅ ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አባዬ የስፌት መኪናውን ከበረንዳው ብቻውን ጎትቶ አወረደው። አንዱ እግሩ ደረጃው ላይ ተሰበረ። ዝናብ እየወረደበት ጭቃው ላይ እየጎተተው ሲሄድ መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። መሃል መንገድ ላይ ቆመና ጮኸ።

«ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ ሲፋን የምትባል ልጅ የለችኝም! ለእኔ ሞታለች! ስሟን ያነሣብኝ አያውቀኝም!»

ያን ቀን ሲፋን ከሞተች አራት ቀኗ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። አባዬ የተሰበረውን እግር በእንጨት አስሮ መኪናውን በመኝታ ክፍላችን አቆመውና ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሰፋል። ከተማው ውስጥ አስቸኳይ አዋጅ ነው እየተባለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ሆራ ሄዶ የተመለሰ ቢኖር እንኳ አልሄድኩም ይላል። ከእኛ ቤት በሦስተኛው አጥር ያሉት የአቶ ጅራታ ልጅ አስከሬኑ መጣ። ለቅሶው ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። አባዬ ሄዶ ቀበረ፣ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተጋደመ። እኔ «የእነሱ ልጅ ሞተ፤ የእኛ ግን አገባች» እያልኩ በልቤ አወዳድራለሁ። ሲፋን ኩራቴ ነበረች። ስለቀረችብኝ ብቻ ተቀይሜያታለሁ፤ ስትመጣ ለአንድ ቀን ላላናግራት ወስኛለሁ።

ከጅራታ ቤት ቀብር ማግስት እትዬ ነኢማ አባዬ በሌለበት መጡ። መንበርከክ አስቸግሯቸው እያቃሰቱ ፊቴ ተንበረከኩ። ዓይናቸው አብጧል።

«ትብለጥ፣ የእኔ እመቤት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሱፊያንና ሲፋን ሲያወሩ ሆራ፣ ኢሬቻ ሲሉ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ሰርግ ነው ያሉት?»

«ሰርግ ነው።»

«ማይልኝ።»

«በእማዬ ነፍስ» አልኩ። ሲፋን የተወችውን መሐላ እኔ ጨረስኩት።

እትዬ ነኢማ ግንባሬን ሳሙኝ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «ቢጠፉም አሉ። ቢያዋርዱንም አሉ። ጌታዬ ተመስገን!» እያሉ፣ እያለቀሱና እየሳቁ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው ሄዱ። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ። እንደዚያ ከልብ የወጣ ግን አልሰማሁም።

ሱፊያን ጥቅምት ሰባት ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ መጣ። ወደ ቤቱ አልገባም፤ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ነው የመጣው። አንድ እጁ በነጠላ አንገቱ ላይ ታስሯል፣ ሲተነፍስ ጎኑን ይይዛል፣ የለበሰው ሸሚዝ የሌላ ሰው ነው። በሩ ላይ ሲቆም አባዬ የጨርቅ መቀሱን ይዞ ተነሣ። ሱፊያን አልሸሸም። እኔ ከኋላው ሲፋንን ፈለግኩ። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

«ሰርጉ አለቀ?» አልኩት።

ሱፊያን እኔን አየኝ። ከዚያ አባዬን አየው። ምን እንደተባለ፣ ምን እንደታመነ፣ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ አስፋው» አለ፣ «እጇን ለቀቅኩት።»

አባዬ መቀሱን አልጣለም። ይዞት ቆሞ ቀረ።

ሱፊያን በሩ ላይ እንደቆመ ተናገረ። እሁድ ሲነጋ ሆራ ዳር መድረሳቸውን፣ ሜዳው ነጭ በለበሰ ሰው መሙላቱን፣ ሴቶቹ «መሬሆ» የሚለውን የምስጋና ዜማ እያሉ ሣር ይዘው ሲወርዱ ሲፋን መሃላቸው ገብታ መዝፈኗን ነገረን። ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ሣሩን ነክራ ረዥም ጊዜ ቆማለች። ስትወጣ «ጨረስኩ፤ አሁን እንሂድ» አለችው። «ትንሽ እንቆይ፣ እንዲህ ያለ ቀን መቼ እናገኛለን አልኳት» አለ ሱፊያን። ከዚያ ጩኸት ሆነ፣ ጭስ ሆነ፣ ፍንዳታ ተሰማ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ዞረ። እጇን ይዞ ሮጠ። ከፊታቸው ቦይ ነበር፤ ማንም አላየውም። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። እጇን ይዟት ነበር፣ ከዚያ አልያዛትም። ሲነቃ ሐኪም ቤት ነው። ስልኩ ጠፍቷል። መቆም ሲችል ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ፈለጋት፤ እሷን ሳይዝ እዚህ ቤት ላለመምጣት ምሏል። በመጨረሻ የአንዱ ሐኪም ቤት ዘበኛ ስማቸው ያልታወቀ ሁለት ልጃገረዶች ጠያቂ አጥተው ጥቅምት ሦስት ቀን መቀበራቸውን ነገረው።

«ስንት ቀን ነው የተቀበሩት ያልከው?» አለ አባዬ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«ሦስት። አራት ቀኑ ነው።»

አባዬና ጋሼ ረድዋን ሱፊያንን ይዘው በማግስቱ ሄዱ። በመንገድ ላይ እንዳልተነጋገሩ ጋሼ ረድዋን ኋላ ነግረውኛል። መቃብሩን ያሳዩዋቸው፣ አዋጥተው መግነዝ ገዝተው ልጃገረዶቹን የቀበሩት ደጋግ ያገሬው ሰዎች ናቸው። ሁለት አፈር ጎን ለጎን። ሁለቱም ልጆች ባለ ጥለት ነጭ ለብሰው ነበር። አስከሬን ያጠቡት ሴት የሲፋንን ፎቶ ረዥም ጊዜ አይተው «አልዋሽም፣ ከፊታቸው መለየት አይቻልም ነበር» አሉ። መቃብር አይከፈትም። አባዬ በአንደኛው ፊት ተንበርክኮ ያለቅስና፣ እዚህ ካልሆነችስ ብሎ ወደ ሌላኛው ይዞራል። እንዲህ ሲመላለስ ዋለ ይላሉ ጋሼ ረድዋን። ኡካ ከእማዬ መቃብር አጠገብ ሊያሳርፋት የሬሳ ሳጥን በመኪና አስጭኖ ሄዶ ነበር። ሳጥኑን እዚያው ትቶት መጣ።

በባዶ ድንኳን ተለቀሰ። አክስቴ ጃለኔ ከኡካ መጣች፤ ጤነኛ ናት፣ አንድም ቀን አልታመመችም። የቃሉን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት። ሲፋን የአራት ዓመት ልጅ ሳለች በማጅራት ገትር ልትሞት ነበር። እማዬ እርጥብ ሣር ይዛ «ይህችን ልጅ ካተረፍክልኝ ሆራ ድረስ ወስጄ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አመሰግንሃለሁ» ብላ ተሳለች። ዓመት ዓመትን እየተካ ሳትሄድ ቀረች፤ ሶር ትወርድ የነበረውም ለማቆያ ነው። ልትሞት ስትል «ስለቴን አንቺው ፈጽሚልኝ» አለቻት ሲፋንን። ሲፋን እንግዲህ ሆራ የሄደችው አለመሞቷን ልታመሰግን ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ማንም አልወቀሰኝም። «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» አሉ። እትዬ ነኢማ አቅፈውኝ አደሩ። ግን ማስላት እችል ነበር። ያ «አዎ» ባይኖር አባዬ መስከረም ሃያ ስድስት ቀን ነበር ሊፈልጋት መንገድ የሚጀምረው። ሲፋን እስከ ጥቅምት ሦስት አልተቀበረችም። ልጁን መርጦ ሊያነሣ ይችል ነበር፤ በእጇ፣ በጥርሷ፣ በገዛ መኪናው በተሰፋው ቀሚስ ያውቃት ነበር። ይሄንን ስሌት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይዤው አደግኩ።

አባዬ ወደ በረንዳው አልተመለሰም። ጋሼ ረድዋን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ «ቂም የለኝም፣ ዓይኑን ማየት ነው ያቃተኝ» ብሎ መለሳቸው። ሱፊያን ጂማ ገባ፤ ለዒድ እንኳ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። አሁን ኢሬቻ በከተማችንም በሰላም ይከበራል። መስከረም ሲጋመስ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ሽማግሌዎቹ ቀድመው፣ ሕፃናት አበባ ይዘው፣ በቤታችን ፊት ዘፍነው ያልፋሉ። ነጭ ቀሚስ የሚያሰፉ ልጃገረዶች ወደ እኔ ይመጣሉ፤ መኪናውን አሁን የምረግጠው እኔ ነኝ። እሰፋላቸዋለሁ። ሲያልፉ ግን መስኮቱን እዘጋለሁ።

ዘንድሮ መስከረም እነሱ ባለፉበት ቀን አባዬ አልጋው ላይ ነበር። ሳንባው ከታመመ ቆይቷል። መስኮቱን ስዘጋ «ተይው፣ ክፈችው» አለኝ። ከዚያ ዘፈኑ እስኪርቅ ጠብቆ ተናገረ።

«ትብለጥ፣ ልንገርሽ። ያን ጊዜ ወልቂጤ ላይ ሬዲዮ ሰምቼ ነበር። መንገዱን ሁሉ ልጄ ልጄ እያልኩ ነው የመጣሁት። ቤት ገብቼ ሳጣት ልቤ ነግሮኛል። አንቺ ጠፋች፣ አገባች ስትዪኝ…» ሳሉ አቋረጠው። «ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ። የጮህኩት በሕይወት አለች ብዬ ነው። የሞተ ሰው ላይ እንዲያ አይጮህም።»

ትራሱን ከፍ አደረግኩለት።

«ደግሞ ሌላም አለ። ከጅራታ ልጅ ቀብር ስመለስ ዲበኩሉ የሚባል ተማሪ መንገድ ላይ ያዘኝ። አብሯቸው የሄደ ልጅ ነው። እየፈራ ‹ጋሼ አስፋው፣ ሲፋንን እዚያ አይቻታለሁ፣ ስንመለስ ግን…› አለኝ። አላስጨረስኩትም። ኮሌታውን ይዤ ስሟን ብታነሣ እገልሃለሁ አልኩት። ምን ሊለኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። ያንቺን ወሬ አጥብቄ ያዝኩ። ዐሥራ አንድ ቀን ባንቺ ቃል ልጄ ኖረችልኝ።»

ዲበኩሉ ያስቆመው መስከረም ሠላሳ ቀን ነው። ለመቀበሯ ሦስት ቀን ይቀራት ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይነግረኝ እንዴት ቻለ? ማታ ማታ እንደማለቅስ ይሰማል፤ ክፍላችን አንድ ነው። ልጠይቀው ዞርኩ። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ደረቱ በጭንቅ ይወጣል ይወርዳል። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ ይቅርታም አላደረገልኝም። እንዲያው ሸክሙን አውርዶ ተኛ።

ወጥቼ ደጁ ላይ ቆምኩ። ሰዉ ምስጋናውን ጨርሶ ከወንዙ እየተመለሰ ነው፤ እግራቸው በጭቃ ተለውሷል፣ ይስቃሉ፣ አንዷ ልጅ እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሳ እጇን አወዛወዘችልኝ። አላወዛወዝኩላትም። ሲመሽ ገብቼ ለአባዬ ሾርባ አሞቅኩለት፣ ቀና አድርጌ ደግፌ አጠጣሁት። ሁለታችንም ስለ ሲፋን አላወራንም። ከዚያ ወዲህም አላወራንም።